ለሰሜን ሸዋ ቤተሰብ ውድ ሰዓት ለምትገዙ

ለሠርግ ወይም ለጥምቀት ከውጭ አገር ወደ ደብረ ብርሃን፣ ወደ መንዝ ወይም ወደ መርሐ ቤቴ ስትመጡ ለአባት፣ ለታላቅ ወንድም ወይም ለሙሽራው ስመ ጥር የስዊስ ሰዓት ይዞ መምጣት አሁን አሁን እየተለመደ ነው። ገንዘቡ የላባችሁ ነውና ስለ ስጦታው የምለው የለኝም። ዋሽንግተን አካባቢ የጌጣጌጥና የሰዓት መሸጫ ውስጥ ብዙ ዘመን ሠርቼ ዛሬ ደብረ ብርሃን ስለምኖር ግን፣ የቆመ ሰዓት በመሐረብ ጠቅልለው የሚመጡልኝ ጥቂት አይደሉም። ሰዓቱን ገልጬ ከማየቴ በፊት የጋራንቲ ካርዱ የት እንዳለና የት እንደተገዛ እጠይቃለሁ። አብዛኛውን ጊዜ መልሱ «ልጄ ነው የላከልኝ» ብቻ ነው።

ሻጭ ሁሉ «ጋራንቲ አለው» ይላል። የአምራቹ ጋራንቲ ሌላ ነው፣ የሱቁ ጋራንቲ ሌላ ነው። የአምራቹ ከሆነ በየትኛውም አገር ያለ የኩባንያው የጥገና ማዕከል ይቀበላችኋል። የሱቁ ከሆነ የሚቀበላችሁ ያው ሱቅ ነው፤ እሱም እስካልተዘጋ ድረስ። ሰዓቱ እዚያው ከናንተ ጋር የሚኖር ከሆነ ልዩነቱ ያን ያህል ላያስጨንቅ ይችላል። ሰዓቱ ሰላ ድንጋይ፣ ሱቁ ኒው ዮርክ ሲሆን ግን ነገሩ ሌላ ነው።

የአምራቹን ዋስትና የምታገኙት በሕጋዊ ወኪሉ በኩል ነው። (ከዚህ በታች የምጠራቸው የሽያጭና የሕግ ዓመታት በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።) ሮሌክስ ከጁላይ 2015 ወዲህ በወኪል ለተሸጠ አዲስ ሰዓት 5 ዓመት ይሰጣል፤ ከዚያ በፊት 2 ዓመት ነበር። ኦሜጋ ከኖቬምበር 2018 ጀምሮ ለሁሉም ሰዓቶቹ 5 ዓመት አድርጎታል፤ ቱዶርም ከ2020 ወዲህ እንዲሁ። ካርቲየር፣ አይ ደብሊው ሲ፣ ፓነራይ እና ዤጀር ለኩልትር መነሻቸው 2 ዓመት ሆኖ፣ ገዢው ሰዓቱን በኩባንያው ድረ ገጽ ሲያስመዘግብ እስከ 8 ዓመት ይደርሳል። ብዙ ሰው ይህን ምዝገባ ይረሳዋል፤ ሁለቱ ዓመት ሳያልቅ ማድረግ ግድ ነው፣ ለዚያውም የደቂቃዎች ሥራ ነው። የተገዛው ለአባት ቢሆንም አስመዝጋቢው እናንተ ሁኑ፤ አባት ኢሜይል ከፍተው ሊንክ እስኪነኩ አትጠብቁ።

አንድ ሱቅ ወኪል መሆኑን የሚነግራችሁ ሻጩ መሆን የለበትም። የኩባንያው ድረ ገጽ ላይ የከተማችሁን ስም ስታስገቡ የወኪሎቹ ዝርዝር ይወጣል፤ ሱቁ እዚያ ከሌለ ወኪል አይደለም። የአንዱ ብራንድ ወኪል የሆነ ሱቅ የሌላውንም ከጎኑ ደርድሮ ሊሸጥ ስለሚችል፣ ዝርዝሩን የምታዩት ለምትገዙት ብራንድ ነው።

ከወኪሉ መስመር ወጥቶ የሚሸጠው፣ ግሬይ ማርኬት የሚባለው፣ ብዙዎች እንደሚያስቡት የፎርጅድ ገበያ አይደለም። ሰዓቱ ኦርጅናል ነው። አንድ አገር ያለ ወኪል አልሸጥ ያለውን ዕቃ በጅምላ ያራግፋል፣ ነጋዴው ገዝቶ ሌላ አገር በቅናሽ ይሸጣል። ክርክሩ የአሜሪካ ፍርድ ቤቶች ድረስ ሄዷል፦ ኮስትኮ የተባለው የአሜሪካ ትልቅ መደብር 1,995 ዶላር የተተመነለትን ሲማስተር የተባለ የኦሜጋ ሰዓት ከወኪል ውጪ አስገብቶ በ1,299 ዶላር ሲሸጥ ኦሜጋ ከሰሰው። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ2010 4 ለ 4 ተከፈለ፤ ጉዳዩ ተመልሶ ሲታይ በ2015 ኮስትኮ ረታ። እናም ከእንዲህ ያለ ሱቅ መግዛት ወንጀል አይደለም፤ አምራቹም በበኩሉ እኔ ያልሸጥኩትን በነጻ አልጠግንም ማለት ይችላል። ሁለቱም እውነት ነው።

ስለዚህ እንዲህ ያለ ሱቅ ስትገቡ ከዋጋው በፊት የሚጠየቁ ነገሮች አሉ። መጀመሪያ የአምራቹ ካርድ አብሮ ይመጣል ወይ? ከመጣስ የወኪሉ ስምና የሽያጩ ቀን ተሞልቶበታል? ዋስትናው የሚቆጠረው እናንተ ከገዛችሁበት ቀን ሳይሆን ካርዱ ላይ ከተጻፈው ቀን ነው፤ «አዲስ» የተባለው ሰዓት መደርደሪያ ላይ ዓመት ተኩል ተቀምጦ ከሆነ ዓመት ተኩሉ ከናንተ ላይ ተቀንሷል ማለት ነው። ቀኑ ባዶ የሆነ ካርድ ይዞ «ራስህ ትሞላዋለህ» የሚል ሻጭ ካገኛችሁ፣ ያልተሞላ ካርድ ለኩባንያው እንደሌለ ነውና ውጡ። ካርዱ በትክክል ከተሞላ ግን ሰዓቱ በሁለተኛ እጅ ቢያልፍም ዋስትናው አብሮት ሊሄድ ይችላል፤ ቱዶር ለምሳሌ ይህን በግልጽ ይፈቅዳል። ከ2020 ወዲህ ያሉት አዲሶቹ የሮሌክስ ካርዶች የገዢው ስም ስለሌለባቸው፣ ስሜን አላየሁም ብላችሁ አትደንግጡ።

ቀጥሎ ሲሪያል ቁጥሩን ተመልከቱ። አንዳንድ ነጋዴ ዕቃውን ያወጣለት ወኪል እንዳይታወቅበት ቁጥሩን ይፍቀዋል። ቁጥሩ የተፋቀ ሰዓት ከተሰረቀ ሰዓት አይለይም፤ የኩባንያው ማዕከል በክፍያም ቢሆን አልነካም ሊላችሁ ይችላል። ዋጋው የቱንም ያህል ቢረክስ አይገዛም፤ በዚህ ላይ ድርድር አላውቅም።

የአምራቹ ካርድ ከሌለ ሱቁ የራሱን 2 ወይም 3 ዓመት ይሰጣችኋል። ታዲያ የሚጠግነው ማነው? ክፍሉ ኦርጅናል ነው? የመላኪያውንና የኢንሹራንሱን ማን ይከፍላል? ወረቀቱን እስከ መጨረሻው ካነበባችሁት አብዛኛውን ጊዜ መላኪያው የገዢው ነው፣ ሱቁም ከአገሩ ውጪ ፓኬት አይቀበልም። ሰዓቱ ከውጭ አገር ተልኮ እንዲመጣ ቅጹ ራሱ ቦታ የለውም።

ዋጋውን በተመለከተ፣ ኦሜጋ ወይም ብራይትሊንግ ከወኪል ውጪ በደህና ቅናሽ ይገኛል። ተፈላጊዎቹ የሮሌክስ የስፖርት ሰዓቶች ግን ከወኪል ውጪ ሲሸጡ ብዙ ጊዜ ከዋናው ዋጋ በላይ ናቸው። ከነዚህ አንዱ የሆነውን ሰብማሪነር አዲሱን ከወኪሉ ዋጋ በታች አገኘሁ የሚል ሰው ካጋጠማችሁ ስለ ዋስትና ከማውራት በፊት ኦርጅናልነቱን አስመርምሩ። በኦሜጋው ላይ እንበል 1,500 ዶላር ቆጠባችሁ። የሜካኒካል ሰዓት ሙሉ ሰርቪስ በኩባንያው ማዕከል በመቶዎች የሚቆጠር ዶላር ነው፣ የክሮኖግራፍ (እንደ ሩጫ መለኪያ ጊዜ የሚቆጥረው) ደግሞ ከዚያ ይበልጣል። አንድ ጊዜ ብቻ ቢበላሽ አሁንም ትርፍ አለ። እኔ ዲሲ የምኖር፣ ሰዓቱን ራሴ የማስረው ሰው ብሆን፣ ብዙ ዘመን ከቆየ ስመ ጥሩ ሱቅ በዚህ ዋጋ እገዛ ነበር። ለደብረ ሲና ስጦታ ግን አልገዛም።

የምትኖሩበት አገር ሕግም የራሱ ድርሻ አለው። አውሮፓ ኅብረት ውስጥ የገዛችሁት አዲስ ዕቃ ላይ ሻጩ ራሱ፣ ወኪል ሆነም አልሆነም፣ ለ2 ዓመት ተጠያቂ ነው፤ በኢንተርኔት ከገዛችሁ ደግሞ በ14 ቀን ውስጥ ያለ ምክንያት መመለስ ትችላላችሁ። እንግሊዝ ያላችሁ በክሬዲት ካርድ ክፈሉ፦ ዋጋው ከ100 ፓውንድ በላይና እስከ 30,000 ድረስ ከሆነ፣ በ1974ቱ የብድር ሕግ አንቀጽ 75 ባንኩ ከሻጩ ጋር እኩል ተጠያቂ ነው። አሜሪካ አንዳንድ ክሬዲት ካርድ ዋስትና ያራዝማል፤ የሚያራዝመው የአምራቹን ይሁን የሱቁንም ጭምር፣ ውሉ ላይ እዩት። ዱባይ በትራንዚት የምትገዙ ደግሞ አስቡበት። ሕጋዊ ወኪል እዚያ ሞልቷል፣ ነገር ግን በሁለት በረራ መካከል ሆኖ ካርድ የሚያነብ፣ ቁጥር የሚያመሳክር የለም። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል።

ወደ አገር ቤት ልመለስ፤ ዋስትና የሚበላሸው ብዙ ጊዜ እዚህ ነውና። አባት ሰዓቱን ለፋሲካ ብለው ሣጥን ውስጥ ይቆልፉበታል። አውቶማቲክ ሰዓት ደግሞ ካልታሰረ ይቆማል፤ አንዳንዱ ከሁለት ቀን በኋላ፣ እንደ አዳዲሶቹ የሮሌክስ ማሽኖች ያለው ከ70 ሰዓት ገደማ በኋላ። በበዓሉ ሲያወጡት ቆሟል። «ልጄ ፎርጅድ ገዛ» ተብሎ ወደ ገበያው ሰዓት ሠሪ ይኬዳል፤ ሰዓት ሠሪው ምንም ጥፋት የለበትም፣ በሙያው መሠረት ክዳኑን ይከፍታል። ያን ጊዜ የ5 ዓመቱ ዋስትና አለቀለት፤ ኩባንያው ያልፈቀደለት ሰው የከፈተውን ሰዓት አይቀበልም። መሙያዋን ጥቂት አዙሮ እጅ ላይ ማሰር ብቻ ነበር የሚያስፈልገው። ስጦታውን ስትሰጡ ይህን አጠገባቸው ተቀምጣችሁ አሳዩአቸው፤ በስልክ አይሆንም።

ሁለተኛው ጣጣ የቀን ቁጥሩ ነው። አባት ሰዓቱን በእኛ አቆጣጠር ይሞሉታል፣ ደግም ያደርጋሉ። ቀኑ የሚቀየረው ጠቋሚው 12 ላይ ሲደርስ ስለሆነ በእኛ ሰዓት ወይ ማለዳ ወይ ምሽት 12 ላይ ይለወጣል። ምሽት ላይ ከተለወጠ ጠቋሚውን አንድ ሙሉ ዙር፣ 12 ሰዓት ወደ ፊት ማዞር ነው እንጂ ብልሽት አይደለም። የእኛ ወር ደግሞ 30 ስለሆነ ሰዓቱ 31 ሲል በየወሩ ማስተካከል ይመጣል፣ ጳጉሜንም ጨምሩበት። በብዙ ሰዓቶች ጠቋሚው በ9 እና በ3 መካከል ሆኖ 12ን በሚያልፍበት ጊዜ ቀኑን በግድ መግፋት ጥርሱን ይሰብራል፤ ጥገና ቤቱም የአያያዝ ጉድለት ብሎ ዋጋውን ያስከፍላል። ጠቋሚውን 6 ላይ አድርሶ ከዚያ ቀኑን ማስተካከል ይቀላል። ከሁሉ የሚቀለው ግን ለአባት ቀን የሌለው ሰዓት መግዛት ነው፤ ዋጋውም ብዙ ጊዜ ዝቅ ይላል።

እርጥበትም አለ። ከሸዋ ሮቢት ሙቀት ተነስታችሁ ጣርማ በርን ስትወጡ መስታወቱ በውስጥ በኩል ጉም ካለበሰ፣ ውስጡ እርጥበት ገብቷል ማለት ነው። ከውጭ ከሆነ በእጅጌ ይጠረጋል፣ አያሳስብም። የውስጡን ጉም ግን በሳምንታት ውስጥ ወደ ማዕከሉ ካላደረሳችሁት ዝገት ይጀምራል፤ በቆየ ቁጥርም ጥፋቱ ውሃ እንዳይገባ የሚከለክለው የሰዓቱ ጎማ መሆኑን ማስረዳት ይከብዳል። መሙያዋ ተጠብቃ ያልታሰረችበት ሰዓት ውሃ ከገባበት ዋስትናው አይመለከተውም። ጭረት፣ መስታወት፣ የማሰሪያ ማለቅና ስርቆትም እንዲሁ።

ሰዓቱን ለጥገና መልሶ የሚወስደው ሰው ዞሮ ዞሮ እናንተው፣ ወይም በበዓል መጥቶ የሚመለስ ዘመድ ነው። ከአሜሪካ ስትወጡ ሰዓቱን ለጉምሩክ አሳይታችሁ ቅጽ 4457 ካስሞላችሁ፣ ስትመለሱ «ከውጭ ገዝተህ ነው ያመጣኸው» የሚል ጥያቄ አይኖርም፤ የግዢው ደረሰኝም ያግዛል። በዚህ ምክንያት እኔ የምመክረው ዋናው ካርድና ደረሰኙ ውጭ አገር ከናንተ ዘንድ እንዲቀመጥ ነው። ለአባት ፎቶውን ስጡ፣ ከጀርባው ደግሞ የሚያበቃበትን ቀን በእኛ አቆጣጠር ጻፉበት። ማርች 2025 የተገዛ የ5 ዓመት ሰዓት የሚያበቃው መጋቢት 2022 ላይ ነው፤ ይህን ያልጻፋችሁ እንደሆነ ካርዱ ላይ 2025 የሚለውን አይተው ገና ብዙ ዓመት አለው ብለው ይቀመጣሉ።