ሐኪምዎን ይጠይቁ፦ በ68 ዓመቴ አርባ ምንጭ ልሂድ ወይስ ልቅር?

ጥያቄ

ጤና ይስጥልኝ ዶክተር። የ68 ዓመት ጡረተኛ መምህርት ነኝ። የምኖረው አዲስ አበባ ነው። ደም ግፊትና ስኳር አለብኝ። ለግፊቱ አምሎዲፒንና የሚያሸና ኪኒን፣ ለስኳሩ ሜትፎርሚንና ግሊቤንክላማይድ እወስዳለሁ። ጉልበቴንም ያመኛል። ባለቤቴ ካረፈ ሁለት ዓመት ሆነው። አብረውኝ ያስተማሩ ጓደኞቼ ከጥምቀት በኋላ ሚኒባስ ተከራይተው አርባ ምንጭ ሊሄዱ ነው። «ካላንቺ አንሄድም» ብለውኛል። ውጭ አገር ያሉት ልጆቼ ግን «እማዬ፣ በዚህ ዕድሜሽ መንገድ ላይ አንድ ነገር ብትሆኚስ?» ይሉኛል። እኔም ፈራሁ። እውነቱን ልንገርዎትና ከሁሉ የሚያስፈራኝ ሽንቴ ነው። ቶሎ ቶሎ ይመጣብኛል። ሳስልና ስስቅም ጠብ ይልብኛል። ለማንም ነግሬ አላውቅም። ውሃ ሳልጠጣ፣ የሚያሸናውንም ኪኒን በዚያ ቀን ትቼው ብሄድ ችግር አለው? ወይስ ይቅርብኝ?

መልስ

እናቴ፣ ይሂዱ።

መልሱን ያስቀደምኩት ደብዳቤዎን ሁለቴ አንብቤ «አይሂዱ» የሚያስብል ነገር ስላጣሁበት ነው። ሊሄዱ ያሰቡበት ዘዴ ግን አስደንግጦኛል። ውሃ ሳይጠጡ፣ ኪኒን ሳይውጡ፣ ያን ሁሉ መንገድ? እሱ አይሆንም።

ለምን እንዲህ እንዳልኩ ልንገርዎ። ከጥቂት ዓመታት በፊት እናቴን ይዤ ወደ ሐዋሳ እሄድ ነበር። ከጠዋቱ 12 ሰዓት ከአዲስ አበባ ወጣን። መንገዱን ሙሉ ስትጫወት፣ ስታስቀን ነበር። ሻሸመኔ ስንደርስ ለምሳ ወረድን። ከመኪናው ወርዳ ሁለት እርምጃ ሄደችና ጉልበቷ ከዳት። እኔ ሐኪሙ ልጅዋ «ስትሮክ ነው» ብዬ ቀልቤ ተገፈፈ። ግፊቷን ስለካው 85 በ50። ከንፈሯ ደርቋል። አጋድመን እግሯን ከፍ አደረግንላትና ትንሽ ነፍስ ስትዘራ ውሃ እየሰጠኋት ጠየቅኳት። «ከትናንት ማታ ጀምሮ ውሃ አልቀመስኩም። መኪናህን እያስቆምኩ እንዳላስቸግርህ ብዬ ነው» አለችኝ። አራት ሰዓት ሙሉ አጠገቧ ተቀምጬ ኮዳዋ አለመከፈቱን አላየሁም። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

በእርስዎ ዕድሜ ጥም እንደ ወጣትነት ጊዜ ቶሎ አይሰማም። ሰውነት ውሃ አጥሮትም ዝም ይላል። በዚያ ላይ ስምጥ ሸለቆው ይሞቃል። የግፊት መድኃኒቱ የደም ስርን ያሰፋል። ከወንበር ድንገት ሲነሱ ደሙ ወደ እግር ይወርድና ራስ ያዞራል። አረጋውያን ወድቀው ዳሌያቸውን የሚሰብሩት ብዙ ጊዜ እንዲህ ባለች ቅጽበት ነው። ውሃ ማቆም ደግሞ ለሽንቱም አይበጅም። የወፈረ ሽንት ፊኛን ያቃጥላል፣ ይባስ ያጣድፋል። የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽንም ይጋብዛል።

ስለዚህ በትንሽ በትንሹ፣ በየግማሽ ሰዓቱ ሁለት ሦስት ጉንጭ ይጠጡ። ይልቅ የጠዋቷን ቡናና ሻይ ይቀንሱ፤ ሽንት የሚያጣድፉት እነሱ ናቸው። የሚያሸናውን ኪኒን በራስዎ አያቁሙት። ግን የሚከታተልዎትን ሐኪም «በጉዞው ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ከደረስን በኋላ ልውሰደው?» ብለው ይጠይቁት። አብዛኛውን ጊዜ ይቻላል። አምሎዲፒኑን ግን እንደ ወትሮው በሰዓቱ ይውሰዱት። ከመነሳታችሁ በፊት ሹፌሩን «በየሁለት ሰዓቱ ትቆማለህ» በሉት። ከመንገድ ላይ ጥያቄ የመነሻ ላይ ስምምነት ይቀላል። ደግሞ እመኑኝ፣ እዚያ ሚኒባስ ውስጥ ካሉት ጓደኞችዎ ግማሾቹ ይህንኑ እየፈሩ ነው። ከበሩ አጠገብ ይቀመጡ። ሞዴስ ያድርጉ፣ አንድ ሁለት ቅያሪ ልብስ በእጅ ቦርሳ ይያዙ። ሶፍትና የእጅ ማጽጃም አይርሱ።

ሲስሉና ሲስቁ ጠብ ስለሚለው ጉዳይ በመጻፍዎ ደስ ብሎኛል። ከወለዱ እናቶች ብዙዎቹ አለባቸው፤ ከነሱም ብዙዎቹ እንደ እርስዎ ዝም ይላሉ። ከወሊድና ከዕድሜ ጋር ፊኛን ደግፎ የሚይዘው የዳሌ ወለል ጡንቻ ይላላል። ጡንቻ ስለሆነ ደግሞ ይሠለጥናል። ሽንትና ፈስ እንደሚይዙ አድርገው ወደ ውስጥ ጭብጥ ያድርጉት። አምስት ሰከንድ ይያዙ፣ ይልቀቁ። አሥር ጊዜ፣ በቀን ሦስት ጊዜ። ሆድና ጭንን አያጥብቁ፣ ትንፋሽም አይያዙ። ለውጡ እስኪታይ እስከ ሦስት ወር ይፈጃል፤ ለጥር ጉዞ ባይደርስም ዛሬ ይጀምሩት። በተጨማሪ የሽንትና የስኳር ምርመራ ያድርጉ። ቶሎ ቶሎ የሚያሸናዎት ኪኒኑ ሳይሆን ከፍ ያለ ስኳር ወይም ኢንፌክሽን ሊሆን ይችላል።

አሁን እኔን ወደሚያሳስበኝ ኪኒን ልምጣ። ግሊቤንክላማይድ። ይህ መድኃኒት ስኳርን ከሚገባው በታች ሊያወርድ ይችላል፤ ሥራውም ረጅም ሰዓት ይቆያል። ለዚህ ነው ለአረጋውያን ብዙም የማይመከረው። ቤት ውስጥ ቁርስና ምሳ በሰዓቱ ስለሚበሉ ችግሩ ላይታይ ይችላል። መንገድ ላይ ግን «ምሳ 6 ሰዓት ሶዶ እንበላለን» ተብሎ ተወጥቶ ጎማ ይተነፍሳል። ምሳው 9 ሰዓት ይሆናል። ኪኒኑ ግን አይጠብቅም። ላብ ላብ ይላል፣ እጅ ይንቀጠቀጣል፣ ልብ ይመታል። አንዳንድ አረጋውያን ላይ ደግሞ እነዚህ ሁሉ ሳይታዩ በቀጥታ መቀባዠር ይመጣል። ያየ ሰው «ደከማት» ብሎ ያስተኛል። እንዳያስተኙ! ሦስት የሻይ ማንኪያ ስኳር በግማሽ ብርጭቆ ውሃ በጥብጠው ይጠጡ። 15 ደቂቃ ቆይተው ይለኩ። ከ70 በታች ከሆነ ይድገሙት። ከተስተካከለ በኋላ ምግብ ይብሉ፣ ምክንያቱም ሊመለስ ይችላል። ራሱን ለሳተ ሰው ግን ምንም በአፉ አይጨመርም፤ በቀጥታ ወደ ጤና ተቋም ነው። ስኳርና ከረሜላ፣ ዳቦም ጭምር፣ ከእጅዎ አይለይ። አጠገብዎ የምትቀመጠው ጓደኛዎም የስኳር ሕመም እንዳለብዎትና ይህን ምልክት ትወቅ። ከቻሉ ከጉዞው ቢያንስ ከሦስት ሳምንት በፊት ሐኪምዎን «ይህን መድኃኒት መለወጥ ይቻላል?» ብለው ይጠይቁ። በዋዜማው መለወጥ ግን አይመከርም።

(ኢንሱሊን የምትወስዱ አንባቢዎች፦ ሻንጣችሁ ጣሪያ ላይ ሲጫን ኢንሱሊኑ አብሮ እንዳይወጣ። ፀሐይ ያበላሸዋል።)

ጉልበትዎን ሲያምዎት ዳይክሎፌናክ ገዝተው እንዳይውጡ። ፋርማሲው ያለ ማዘዣ ሊሸጥልዎት ይችላል፣ ጓደኛም ከቦርሳዋ አውጥታ ትሰጥዎታለች። ግፊት ይጨምራል። ከሚያሸና ኪኒንና ከውሃ ጥም ጋር ሲገናኝ ደግሞ ኩላሊት ላይ ይወድቃል። ፓራሲታሞል ይበቃዎታል። ከዘራም ያፍሩበት ነገር አይደለም፤ ወደ ምንጮቹ የሚወስደው ቁልቁለት ላይ ያመሰግኑታል።

ወባን አይርሱ። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነች ወባ የለባትም፤ እኛም የመቋቋም አቅም የለንም። አርባ ምንጭ ወደ 1,300 ሜትር ግድም ናት፣ ሁለት ሐይቅ ደግሞ አላት። አጎበር ያለው ክፍል ይጠይቁ። ማታ ረጅም እጅጌ ይልበሱ፣ የትንኝ ቅባት ይቀቡ። የሚከላከል ኪኒን ያስፈልግዎት እንደሆነ ከሐኪምዎ ጋር ይነጋገሩ። ዋናው ግን ከተመለሱ በኋላ ነው። ከሳምንት በኋላም ይሁን ከወራት በኋላ ብርድ ብርድ ካለዎትና ካተኮስዎት «ጉንፋን ነው» ብለው አይተኙ። በዚያው ቀን ደም ይመርመሩ፣ «አርባ ምንጭ ነበርኩ» ብለው ይናገሩ። እዚህ ያለ ባለሙያ ካልነገሩት ወባን ላያስብ ይችላል።

የቀረውን በአጭሩ። ሲቆሙ ወርደው ይንቀሳቀሱ፣ ተቀምጠውም ቁርጭምጭሚትዎን ያንቀሳቅሱ። ሁለቱም እግር ትንሽ ቢያብጥ ብዙ ጊዜ አምሎዲፒንና መቀመጥ የሚያመጡት ነው። አንዱ ብቻ ካበጠና ካመመ ግን የደም መርጋት ሊሆን ይችላልና ሐኪም ቤት ይሂዱ። አዲስ ጫማ ለጉዞ አይግዙ። ማታ ማታ የእግርዎን መዳፍ ይዩ፤ ስኳር ያለበት ሰው እግሩ ሲቆስል ላይሰማው ይችላል። ዓሣውን በደንብ የበሰለውን ይብሉ። ጥሬውን ለወጣቶቹ ይተዉላቸው፣ ለነሱም ባይሆን ጥሩ ነበር። ከተቻለ መንገዱን ለሁለት ከፍላችሁ ሶዶ ወይም ሐዋሳ እደሩ። አቅም ካለ ደግሞ አውሮፕላን አለ፤ አንድ ሰዓት ገደማ ነው።

ከመነሳትዎ በፊት ባለው ሳምንት ግፊትዎ 180 በ110 እና ከዚያ በላይ ከሆነ፣ ደረትዎን ከጨመቀዎት፣ ጋደም ሲሉ ትንፋሽ ካጠረዎት ወይም እግርዎ ላይ ቁስል ካለ ግን ጉዞው ይቆይ። አርባ ምንጭ የትም አትሄድም።

አሁን ደብዳቤዎ ላይ ስላልጻፉት ነገር አንድ ልበል። «ባሏ ከሞተ ገና በሁለት ዓመቱ ትዞራለች» የሚል ሰው እንደሚኖር እያሰቡ ይመስለኛል። ይኖራል። ያ ሰው ግን ማታ ማታ ከእርስዎ ጋር ግድግዳ አያይም። ብቸኝነት በአረጋውያን ላይ ከልብ ሕመም፣ ከድብርትና ከመርሳት ችግር ጋር እንደሚያያዝ በብዙ ጥናት ታይቷል። «መንገድ ላይ አንድ ነገር ብትሆኚስ?» የሚሉት ልጆች ቤት ውስጥ ብቻዎን ሲሆኑ ምን እንደሚሆኑ አያዩም። በፍቅር ነው የሚሉት፣ አውቃለሁ። እኔም እናቴን እንዲያው ነበር የምላት።

እርስዎ ደግሞ መምህርት ነዎት፤ ይህን ማየት ይወዱታል ብዬ አስባለሁ። ጫሞ ሐይቅ ላይ በጀልባ ወደ «አዞ ገበያ» ይወስዷችኋል። አዞዎቹ አፋቸውን ከፍተው ፀሐይ ሲሞቁ ያያሉ። ጀልባው ላይ የመንሳፈፊያ ጃኬት ይልበሱ፣ ሲወጡና ሲወርዱ እጅ ይያዙ። ከላይ ሆነው ሲያዩ አባያ ቡናማ ነው፣ ጫሞ ሰማያዊ ነው፤ በመካከላቸው ያለችው መሬት «የእግዜር ድልድይ» ትባላለች። ከዚያ ዶርዜ ይወጣሉ። ቤቶቹ ከቀርከሃና ከእንሰት ቅጠል የተሠሩ ናቸው፣ የዝሆን ፊት ይመስላሉ። ምስጥ ከሥር ሲበላቸው ባለቤቶቹ የተበላውን ቆርጠው ይጥላሉ። ቤቱ እያደር እያጠረ ይሄዳል፣ ሰው ግን ለብዙ ዓመት ይኖርበታል። ጉልበቴን የሚሉት እናቶች ይህን ሲሰሙ ይስቃሉ። ቆጮውን በማርና በዳጣ ያቀርቡላችኋል። ከዳጣው ይብሉ፣ ማሩን ይቅመሱት ብቻ። አረቄውን ግን ይለፉት፤ ከግሊቤንክላማይድ ጋር ስኳር ይጥላል።

ለልጆችዎ ይንገሯቸው። ፈቃድ ለመጠየቅ ሳይሆን የሚሄዱበትን ቀን፣ የሆቴሉን ስልክና የመድኃኒቶችዎን ዝርዝር ለመስጠት። ዝርዝሩን በወረቀት ጽፈው ሌላ ቅጂ ቦርሳዎ ውስጥ ያኑሩ። መድኃኒቱን ከሚቆዩበት ቀን በአምስት ቀን የሚበልጥ ይያዙ፣ ከእጅ ቦርሳዎም አይውጣ።

ዶርዜ ከአርባ ምንጭ ከ1,000 ሜትር በላይ ከፍ ይላል፣ ማታ ይበርዳል። ጋቢዎን ይዘው ይሂዱ።