ሰባቱን ሃያ ያልኩ ቀን

ልጆቼ፣

ባለፈው ቅዳሜ አንዲት እናት ልጃቸውን ይዘው ከኮምቦልቻ ሀረጎን ወጥተው ደሴ ክሊኒኬ መጡ። ጥርሳቸውን ሊያሳዩ መስሎኝ ወደ ወንበሩ ጋበዝኳቸው። «እኔስ ደህና ነኝ ዶክተር፣ ይልቅ ይቺን ወረቀት እዩልን» አሉኝ። ልጁ ጥርስ ሕክምና ሊማር ነው። ወረቀቷ የኮሌጅ ማስታወቂያ ናት። ከታች በትልቁ «እውቅና ያለው» ይላል።

ለየትኛው ትምህርት? ለየትኛው ካምፓስ? እስከ መቼ? አንዱንም አይልም።

ለልጁ ያልኩትን ለእናንተም ልጻፈው። በየዓመቱ ከ12ኛ ክፍል የምትወጡ ልጆች ይህንኑ ነው የምትጠይቁኝ።

እኛ አገር እውቅና የሚሰጠው ለኮሌጁ ስም አይደለም። ለአንድ የትምህርት መስክ፣ በአንድ ደረጃ፣ በአንድ ካምፓስ፣ ለተወሰነ ጊዜ ነው። አዲስ አበባ ላይ ለነርሲንግ ፈቃድ ያለው ኮሌጅ ደሴ መጥቶ ጥርስ ሕክምና ላስተምር ካለ፣ ለዚያው ለብቻው ፈቃድ ማውጣት አለበት። ጊዜው ሲያልቅም ያሳድሳል። ይህን የሚቆጣጠረው በ1995 ዓ.ም. በወጣው የከፍተኛ ትምህርት አዋጅ የተቋቋመው የአግባብነትና ጥራት ኤጀንሲ ነበር። ከ2014 ዓ.ም. ወዲህ የትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ሆኗል። እኔ ግን አሁንም «ኤጀንሲው» እላለሁ፤ ምላሴ አልለመደም።

ስለዚህ ሬጅስትራር ቢሮ ገብታችሁ «ፈቃዱን አሳዩኝ» በሉ። ምን ያሳፍራል? ዶሮ ስትገዙ እንኳ ደረቷን ዳብሳችሁ አይደል? ባለሥልጣኑ ዘንድ ካለው ዝርዝር ጋርም አስተያዩት። የመግቢያ ነጥባችሁንም አትርሱ። ኮሌጁ ሕጋዊ ሆኖ እናንተ ያለ ነጥብ ከገባችሁ፣ ማስረጃችሁ ኋላ ሲጣራ ጣጣ ያመጣል።

የወረቀቱ ነገር ይሄው ነው። እኔን እንቅልፍ የሚነሳኝ ሌላ ነው።

እኔ የተማርኩበት ትምህርት ቤት፣ ስሙን ተዉት፣ አንድ ቀን «ገምጋሚዎች ሊመጡ ነው» ተባለ። በሁለት ቀን ግድግዳው ተቀባ። ከግል ክሊኒክ ሦስት የጥርስ ወንበር በውሰት መጣ። እኛንም «ሎግ ቡካችሁን ሙሉ» አሉን፤ ሎግ ቡክ በእጃችን የሠራነው ሕክምና የሚመዘገብበት ደብተር ነው። እስከዚያ ቀን እኔ በእጄ የነቀልኩት ሰባት ጥርስ ነበር። ሃያ ብዬ ጻፍኩ። ፈረምኩ። አስተማሪዬም ፈረመ። ከገምጋሚዎቹ አንዱ፣ ሸበቶ ሰውዬ፣ ጠጋ ብሎ «በቂ ታካሚ ታገኛላችሁ?» አለኝ። «በደንብ!» አልኩት። ወንበሮቹ በማግስቱ ተጭነው ወደ ባለቤታቸው ሄዱ።

ተመርቄ በተመደብኩበት ቦታ ከመጡት የመጀመሪያ ታካሚዎች አንዱ ገበሬ ነበሩ። የታች መንጋጋ ጥርስ። ሥሩ ውስጥ ተሰብሮ ቀረ። አንድ ሰዓት ተኩል ታገልኩ። ማደንዘዣ ጨመርኩ፣ አሁንም ጨመርኩ። ላቤ መነጽሬ ላይ ይንጠባጠባል። እሳቸው አፋቸው በደም ተሞልቶ «አብሽር ልጄ፣ ቀስ በል» እያሉ እኔን ያጽናኑኝ ነበር። ያልነቀልኳቸው አሥራ ሦስቱ ጥርሶች ያን ቀን ትዝ አሉኝ።

አሜሪካኖችም በዚህ አልፈዋል። የጥርስ ትምህርት ቤቶቻቸው ብዙዎቹ በአንድ ወቅት የንግድ ቤት ነበሩ። ዊልያም ጊስ የሚባል ሰው በካርኔጊ ፋውንዴሽን ስም እ.ኤ.አ. በ1926 ያወጣው ጥናት፣ ይህ ትምህርት ከነጋዴ እጅ ወጥቶ ዩኒቨርሲቲ ይግባ አለ። ዛሬ እዚያ ትምህርት ቤቶቹን የሚገመግመው እ.ኤ.አ. በ1975 የተቋቋመው የጥርስ ሕክምና ትምህርት እውቅና ኮሚሽን ነው። አሠራሩ ይማርከኛል። መጀመሪያ ትምህርት ቤቱ ራሱን ገምግሞ ይጽፋል። ከዚያ የሙያ ባልደረቦች መጥተው ያያሉ፤ በመደበኛው በየሰባት ዓመቱ። ጉድለት ከተገኘ ማስተካከያ ጊዜ ይሰጠዋል፣ የጊዜ ገደቡም የታወቀ ነው። ከጉብኝቱ በፊት ማንም ሰው አስተያየት እንዲሰጥ ይጠየቃል። ገምጋሚዎቹ ተማሪዎችንም ያነጋግራሉ። እኔ የምቀናው በዚህች በመጨረሻዋ ነው። ግን ተማሪው እንደኔ «በደንብ!» ካለ ምን ዋጋ አላት?

ዕድሳት ለምን አስፈለገ ለምትሉ፣ የኛን ከተማ አስታውሱ። በ2014 ዓ.ም. ጦርነት ሆስፒታላችንም ዩኒቨርሲቲያችንም ተዘርፈዋል። ዘራፊ ፋይል አይወስድም። ፋይል ላይ «አውቶክሌቭ (የመሣሪያ ማምከኛ)፣ አንድ» ተብሎ ተጽፎ ክፍሉ ባዶ ሊሆን ይችላል። በሰላም ጊዜም ዕቃ ይሰበራል፣ አስተማሪ ይለቃል።

እና ለመመዝገብ ስትሄዱ ማስታወቂያውን ተዉና ክሊኒኩን ግቡበት። ወንበሩን ቁጠሩ። ስንቱ ይሠራል? ፋንቶም የምንለው የመለማመጃ ጭንቅላት አለ? ታካሚ ወንበር ላይ ተቀምጧል ወይስ ወንበሩ አቧራ ለብሷል? ከፍ ያለ ክፍል ያሉትን ተማሪዎች ሻይ ጋብዟቸው፤ ዲኑ የማይነግራችሁን ይነግሯችኋል። የመውጫ ፈተና አለ፣ የጤና ሚኒስቴርም የሙያ ፈቃድ ፈተና አለው፣ እነሱ ያጣሩናል ትሉ ይሆናል። አዎ፣ ጥሩ ናቸው። ግን በዋናነት የምርጫ ጥያቄ ናቸው። «ሐ»ን ያከበበች እጅ ጥርስ መንቀል ትችል እንደሆነ በዚያ አይታወቅም።

ከገባችሁ በኋላ ደግሞ ያልሠራችሁትን አትፈርሙ። ገምጋሚ ከጠየቃችሁ ያለውን ንገሩት። «ትምህርት ቤታችን ቢዘጋስ?» ትሉኛላችሁ። ፍርሃቱ ይገባኛል፣ እኔንም ዝም ያሰኘኝ እሱ ነው። ነገር ግን ወንበር ጎደለን ላለ ተማሪ ወንበር ሊገዛለት ይችላል። ሞልቶልናል ብሎ ለፈረመ ማን ይገዛለታል?

የኮምቦልቻው ልጅ ትናንት ማታ ደወለ። ሄዶ አይቷል።

«አራት ወንበር ነው ዶክተር። ሁለቱ ውሃ አያወጡም።»

«ተማሪውስ?»

«የኛ ባች ብቻ ስልሳ ነው አሉኝ።»

ፈቃዱን ጠይቆ ነበር ወይ ብዬ ጠየቅኩት። «ዕድሳት ላይ ነው» ብለውታል። ሰኞ ሌላ ቦታ ሊያይ ነው። እናቱ ከኋላ ሆነው ስልኩን አምጣ እያሉት ነበር።