ሌባ መቼ ሌባ ነኝ ይላል?

ጥያቄ፦ መምህር፣ እንደምን ሰነበቱ? የጽዋ ማኅበራችን ገንዘብ ያዥ 40 ሺህ ብር አጉድሏል ተብሎ ተከሰሰ። ሁላችንም አመንን። ባለፈው እሑድ ተነሥቶ «ለዓመታዊው በዓል ድንኳንና ወንበር ከፍያለሁ፤ ደረሰኙ ጸሐፊው ጋ ካለው ፋይል ውስጥ ነው» አለና አለቀሰ። ገሚሱ «ሌባ መቼ ሌባ ነኝ ይላል?» አለ፤ ገሚሱ አብሮት አለቀሰ። እኔ ግራ ገባኝ። ሐሳቤን ብቀይር ሞኝነት፣ ባልቀይር ጭካኔ መሰለኝ። ምን ይመክሩኛል?

መልስ፦ እህቴ፣ ግራ መጋባትሽ ደግ ነው። እስካሁን የሰማሽው ከሳሽን ብቻ ነበር። ኒቆዲሞስም በአለቆቹ ፊት የጠየቀው ይህንኑ ነው፤ ሕጋችን ሰውየውን አስቀድሞ ሳይሰማ ይፈርዳል ወይ አላቸው (ዮሐ. 7፥51)። ያንቺ ጥያቄ ግን ከሰማን በኋላስ ነው።

ንጉሥ ዳዊት ከልጁ ከአቤሴሎም ሲሸሽ ሲባ የሚባል አገልጋይ መንገድ ላይ ተቀበለው። በአህዮች 200 እንጀራ፣ 100 ዘለላ ዘቢብና የወይን ጠጅ ጭኖ ነበር። የሲባ ጌታ የቀድሞው ንጉሥ የሳኦል የልጅ ልጅ ሜምፊቦስቴ ነበር። ዳዊት «ጌታህ ሜምፊቦስቴስ?» ሲለው፣ «መንግሥት ይመለስልኛል ብሎ ኢየሩሳሌም ቀርቷል» አለ። የደከመው ንጉሥ ስንቅ ይዞ የመጣውን ከሳሽ አመነ። የሜምፊቦስቴን ሀብት በሙሉ እዚያው ለሲባ ሰጠ።

ዳዊት ሲመለስ ሜምፊቦስቴ መጣ። ሁለት እግሩ ሽባ ነው። «አህያ ልጭን ስል አገልጋዬ አታለለኝ፤ ስሜንም አጠፋ» አለ። ቃሉ ብቻውን ቢሆን ብዙም አይመዝንም። «አላደረግሁም» ማለትን ንጹሑም ጥፋተኛውም ይለዋል። መጽሐፍ ግን አንድ ነገር ይጨምራል። ንጉሡ ከወጣበት ቀን ጀምሮ ጢሙን አልተስተካከለም፣ ልብሱንም አላጠበም (2ኛ ሳሙ. 19)። አቤሴሎም በከተማው ነግሦ ሳለ ሰውየው ለዳዊት ያዝን ነበር። ያ ጢም በአንድ ቀን አይበቅልም።

ዳዊት ግን «ከሲባ ጋር ተካፈሉ» ብሎ ተወው። ይህን ባነበብኩ ቁጥር አዝናለሁ። በዓይን የሚታይ ማስረጃ ፊቱ ቆሞ ሳለ ነገሩን መሃል ለመሃል ቆረጠው።

ንጉሥ ሳኦል ደግሞ የሜምፊቦስቴ ተቃራኒ ነው። አማሌቃውያንን ከነከብታቸው አጥፋ ተብሎ ሳለ ከበጎቹ አስቀረ። «የእግዚአብሔርን ትእዛዝ ፈጽሜአለሁ» ብሎ በሙሉ አፉ ተናገረ። ነቢዩ ሳሙኤል ስለ አነጋገሩ አልተጨነቀም። «ታዲያ ይህ የምሰማው የበጎች ጩኸት ምንድን ነው?» አለው (1ኛ ሳሙ. 15)።

እኔም በዚህ ተሳስቻለሁ። ከዓመታት በፊት ለሽምግልና ተጠርቼ ነበር። አንዲት የቤት ሠራተኛ የእመቤቷን ቀለበት ወሰደች ተባለ። ልጅቱ ድምፅዋ ይንቀጠቀጣል፣ ዓይኗ መሬት ላይ ነው። እኛ ሽማግሌዎች ተያየን፤ በቃ፣ እሷ ናት አልን። ልጅቱ ግን በዚያ በሚንቀጠቀጥ ድምፅ «ቅዳሜ ለቅሶ ሲሄዱ ካፖርት ለብሰው፣ ቀለበቱን አድርገውት ነበር» ብላ ነበር። ካፖርቱን እስቲ እንይ ያለ አልነበረም። ቀለበቱ ከሦስት ሳምንት በኋላ ከካፖርቱ ገበር ውስጥ ተገኘ። ይቅርታ ልንጠይቃት ስንሄድ አገሯ ገብታ ነበር። እስከ ዛሬ በጸሎቴ አስባታለሁ።

ስለዚህ እንባውን ተዪው፤ ለእሱም በእሱም ላይ አይመስክር። አንዱ አልቅሶ ይዋሻል፣ ሌላው እውነት ይዞ አፉ ይተሳሰርበታል። «አትፍረዱ ተብሏል» የሚሉሽም ካሉ፣ ያው ጌታ «ቅን ፍርድ ፍረዱ እንጂ በመልክ አትፍረዱ» ብሏል (ዮሐ. 7፥24)። «ሌባ መቼ ሌባ ነኝ ይላል» የሚሉትን ደግሞ አንድ ነገር ጠይቂያቸው። ሰውየው ንጹሕ ቢሆን ኖሮ ምን ቢል ያምኑት ነበር? መልስ ከሌላቸው እሑድ ዕለት የተቀመጡት ሊሰሙት አልነበረም።

ወንድማችን ግን ከእንባው ሌላ የሚጣራ ነገር ነግሯችኋል። ደረሰኝ አለ፣ ያለበትንም ቦታ ተናግሯል። በጻፍሽልኝ ውስጥ ማን እንዳለቀሰ አለ፣ ማን ምን እንዳለ አለ። ፋይሉን ከፍቶ ያየ ሰው ግን የለም።

ከሁለቱም ወገን ሦስት ሰው ምረጡ። እሱ ራሱ ባለበት ክፈቱት። ደረሰኙ ከተገኘ ድንኳን አከራዩ ጋ ደውሉና ገንዘቡን መቀበሉን ጠይቁ። ካልተገኘም ወረቀት ይጠፋልና አሁንም አከራዩን ጠይቁ። ገንዘቡን በልቶት ከሆነ የንስሐ አባቱ አሉ፤ የሚመልስበትንም መንገድ ማኅበሩ ይመክርበታል። እስከዚያ ግን በሚቀጥለው ጽዋ ስትገናኙ አጠገቡ ያለው ወንበር ባዶ እንዳይሆን።