የአባት መስመር ከመቁጠራችሁ በፊት

ጸጉሬ የሸበተው ከአባት ወደ ወንድ ልጅ በሚተላለፈው ዋይ ክሮሞሶም ላይ ድግግሞሽ ስቆጥር ነው። ወደዚህ ሥራ የምትመጡ ልጆች የኔን ስህተት እንዳትደግሙ ብዬ ነው የምጽፍላችሁ።

ቆጠራው እንዲህ ነው። ዲዋይኤስ 19 የምንለው ቦታ ላይ አራት የዲኤንኤ ፊደላት እየተደጋገሙ ይደረደራሉ። አንዱ ሰው ላይ 14 ጊዜ፣ ሌላው ላይ 15 ጊዜ። ኮምፒውተሩ ላይ የምታዩት ሹል ሹል ጉብታ ነው። ወንድ ልጅ ቁጥሩን ከአባቱ እንዳለ ይወስዳል። ከሺህ ልጆች ሁለት ሦስቱ ላይ ቢለወጥ ነው።

ወጣት ሳለሁ 12 ቦታ ላይ ቁጥራቸው አንድ የሆነ ሁለት ሰዎች ገጠሙኝ። «የቅርብ ዘመዳሞች ናችሁ» ብዬ አረፍኩት። ሰዎቹ ተቃቅፈው ተላቀሱ። ኋላ ቦታዎቹን ወደ 37 ስናሳድግ ቁጥሩ ለየቅል ሆኖ ቁጭ! ደውሎ መናገሩ የኔው ዕዳ ነበር። አይ ወጣትነት! እኩል ቁጥር በአጋጣሚም ይመጣል። ስለዚህ መጀመሪያ የአንዲት ፊደል ለውጦችን አይታችሁ ሃፕሎግሩፑን፣ ማለትም ከአንድ የጥንት አባት የወረደውን ትልቁን የዘር ቅርንጫፍ፣ ለዩ። እነሱ አንዴ ከተከሰቱ በቀላሉ አይነቃነቁም። ቆጠራው ከዚያ በኋላ ይደርሳል።

ቅልቅል ሕዝብ ላይ ደግሞ ነገሩ ይከብዳል። ኮሎምቢያ ውስጥ ያሉትን የአንቲዮኪያ ሰዎች ውሰዱ። በ2000 እ.ኤ.አ. በወጣ ጥናት ከወንዶቹ ዋይ ክሮሞሶም 94 በመቶ ገደማው የአውሮፓ ሆኖ ተገኘ። በእናት የሚወረሰው ሚቶኮንድሪያ ግን 90 በመቶ ያህሉ የአገሬው ተወላጆች ነው። ያው አንድ ሕዝብ! ባሕር ተሻግረው የመጡት ወንዶች፣ በውድም በግድም የወለዱት ከአገሬው ሴቶች ነበር። ዋይን ብቻ ያየ ሰው ሕዝቡን «አውሮፓዊ» ብሎ ይጽፍና እናቶቹን ይቀብራል። አሥር ትውልድ ወደ ኋላ ስትቆጥሩ 1,024 የቅድመ አያት ቦታ አለ። ዋይ የሚያወራችሁ ስለ አንዱ ነው።

ዋይ ስምም አይጠራም። በ1998 እ.ኤ.አ. የአሜሪካው ፕሬዚዳንት የነበረው ቶማስ ጀፈርሰን በባርነት ይዟት ከነበረችው ከሳሊ ሄሚንግስ ወልዷል ወይ የሚለው ሲመረመር፣ በወንድ መስመር ከሱ የወረደ የታወቀ ዘር ስላልነበረ የአባቱ ወንድም ዘሮች ደም ተወሰደ። ደሙ ከሳሊ ልጅ፣ ከኤስተን ዘር ጋር ገጠመ። ይሄ ግን «ከጀፈርሰን ቤት የሆነ ወንድ» ከማለት አያልፍም፤ ወንድሙም ያንኑ ክሮሞሶም ነው የያዘው። ወደ ቶማስ የሚያመላክተው፣ ማን መቼ የት እንደነበረ የሚናገረው መዝገብ ነው። እና እባካችሁ መዝገብ ቤትም ግቡ። አቧራው አይገድልም።

የናሙናውን ቱቦ ከመክፈታችሁ በፊት ደግሞ ባለቤቱን ጠይቁ። አንድ አዛውንትን «አባቴ የሚሉት ሰው ሌላ ሆኖ ቢገኝ ማወቅ ይፈልጋሉ?» አልኳቸው። ዝም ብለው ቆዩና፣ «አሳድጎኛል እኮ» አሉኝ። ናሙናቸውን መለስኩላቸው።