መልስ፦ የቢያፍራ ጦርነት ዋና ሰዎች

ወንድሜ፣ «የናይጄሪያው የእርስ በርስ ጦርነት የጎዎንና የኦጁኩ ጉዳይ ብቻ ነው ወይ?» ላልከው፣ አይደለም። ጎዎን የፌዴራሉን መንግሥት፣ ኦጁኩ በ1959 ዓ.ም. የተገነጠለችውን የምሥራቅ ናይጄሪያ ግዛት ቢያፍራን መሩ። እሱ የታወቀ ነው። በ1960 ክረምት ጃንሆይ እዚሁ አዲስ አበባ ሊያስታርቋቸው ሞከሩ። ኦጁኩ ራሱ መጥቶ ከሁለት ሰዓት በላይ ተናገረ። ጎዎን ግን ቀረና ሚኒስትሩን ኤናሆሮን ላከ። (እንዲህ ሆኖ እርቅ ከየት ይመጣል!)

ሰው የሚረሳው ኤፊዮንግን ነው። ጥር 1962 ኦጁኩ ወደ አይቮሪ ኮስት ሲወጣ ጣጣው ምክትሉ ኤፊዮንግ ላይ ወደቀ። ጦርነቱ ማብቃቱን በሬዲዮ የተናገረውም እሱ ነው። ግንባር ላይ የቢያፍራን ጦር እጅ መስጠት የተቀበለው የፌዴራሉ ኮሎኔል ደግሞ ኦባሳንጆ ነበር፤ አዎ፣ በ2015 የፕሪቶሪያውን ድርድር የመሩት ኦባሳንጆ።