«ሆዳም» ወይስ «እጄ አልመለስ አለኝ»?

ጥያቄ፦ መምህር፣ ጎንደር አዘዞ የምሠራ ነርስ ነኝ። አንዲት ታካሚ «ሲከፋኝ ማታ ማታ ብቻዬን እበላለሁ፤ ጠግቤም እጄ አልመለስ ይለኛል» አለችኝ። ቤተሰቧ ግን «ሆዳም» ነው የሚሏት። መዝገቡ ላይ ምን ብዬ ልጻፍ? ደግሞስ «ኢምፐልሲቪቲ» የሚባለውን፣ ሳያስቡ በድንገት ግፊት ማድረግን፣ «ችኩልነት» ብለው ያስኬዳል?

መልስ፦ እህቴ፣ ታካሚሽ ከሁለታችንም የተሻለ አማርኛ ተናግራለች።

«ሆዳም» የሚለውን ተዪው። ጉልበታም፣ ሀብታም፣ ሆዳም ስንል መጨረሻቸው ላይ ያለችው ቅጥያ «ይህ ነገር በዚህ ሰው ዘንድ ሞልቷል» ትላለች። ሆድ ላይ ስትለጠፍ ደግሞ ስድብ ትሆናለች፤ ሰውየውን በአንድ ጠባይ ትዘጋዋለች። ታካሚሽ ግን ጠባይዋን አይደለም የነገረችሽ፤ የሚደርስባትን ነው።

«እጄ አልመለስ አለኝ» ውስጥ ባለቤቱ ማነው? እጄ። እኔ የት አለሁ? መጨረሻ ላይ፣ «ኝ» ውስጥ ተሸጉጬ። «በሩ አልከፈት አለኝ»፣ «እንጨቱ አልፈለጥ አለኝ» እንደምንለው ነው፤ ነገሩ እንደ ሰው እምቢ ይላል። ራበኝ፣ አማረኝ፣ አቃተኝም እንደዚያው ናቸው። «በላሁ» ስል አድራጊው እኔ ነኝ፤ «አቃተኝ» ስል ግን የሚደረግብኝ እኔ ነኝ። ሰዋስዋችን ይህን ልዩነት ከድሮ ጀምሮ ያውቀዋል።

ሐኪሞችም የሚጠይቁት ይህንኑ ነው። የአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች መመሪያ በ2013 እ.ኤ.አ. በወጣው 5ኛ እትሙ ይህን ማቆም እያቃተ ብዙ የመብላት ችግር ራሱን የቻለ ሕመም ብሎ መዝግቦታል። ብዙ መብላት ብቻውን አይበቃም። ማቆም ያለመቻል ስሜት አብሮ መኖር አለበት፤ ያውም ቢያንስ በሳምንት አንዴ፣ ለ3 ወር። ስለዚህ ከ55 ቀን ጾም በኋላ የፋሲካ ዶሮ ላይ የበረታ ዘመዴ ነጻ ነው!

ብቻዋን መብላቷም ከምልክቶቹ አንዱ ነው፤ ሰው እንዳያያት አፍራ ነው። እኛ ዘንድ ግን «ብቻውን የበላ ብቻውን ይሞታል» ይባላል። ቤተሰቡ እፍረቷን ስስት አድርጎ ቢያየው አይገርምም።

ወደ «ችኩልነት» ልምጣ። «ችኩል ጅብ ቀንድ ይነክሳል» የሚለው ተረት ስለ መብላት መሆኑ ደስ ይላል፤ ግን ለዚህ አይሆንም። ባቡር እንዳያመልጠው የሚሮጥም ቸኩሏል። «ግልፍተኛ» ደግሞ የቁጣ ቃል ነው። እኔ «ግብታዊነት» እላለሁ። ብዙ ሰው «ገባ» ከሚለው የመጣ ይመስለዋል፤ የግዕዙ «ግብት» ግን ድንገት ማለት ነው። ሳያስቡ፣ ድንገት በመጣ ግፊት ማድረግ፤ ልክ የሚፈለገው።

አንድ ነገር ግን ልጨምር። ግብታዊ ሁሉ ከምግብ ጋር አይታገልም። ጥናቶች ከዚህ ችግር ጋር አጥብቀው የሚያያይዙት አንዱን ዓይነት ነው፦ ሲከፋ፣ ሲጨንቅ የሚመጣውን ግብታዊነት። ታካሚሽ «ሲከፋኝ» ብላ የጀመረችው ለዚህ ነው። ያቺን ቃል እንዳትጥያት።

እንግዲህ «ሲከፋት በግብታዊነት ትበላለች፤ ማቆም ያቅታታል» ብለሽ ጻፊ። ቅጹ ላይ ያለችው ቦታ ከጠበበች ጀርባው ላይ ቀጥዪ።