ነፍሰ ጡርና የሚደማ ድድ፦ የጠየቃችሁኝና የመለስኩት

ደብረ ብርሃን ጥርስ ክሊኒክ ውስጥ ነው የምሠራው። "ስለ እርግዝናና ድድ ጠይቁኝ" ብዬ ነበር፤ ከጠበቅኩት በላይ ጠየቃችሁ። ተመሳሳዮቹን አንድ ላይ አድርጌያቸዋለሁ።

ከደብረ ሲና፦ የአምስት ወር ነፍሰ ጡር ነኝ። ጥርሴን ስቦርሽ ምራቄ ደም በደም ይሆናል። ሰው ሁሉ ብሩሹን ተይው ይለኛል።

እንዳትተዪው እህቴ! በብዛት የማየው ስህተት ይሄ ነው። በእርግዝና ጊዜ ፕሮጄስትሮንና ኢስትሮጅን የሚባሉት ሆርሞኖች በጣም ይጨምራሉ። የድድሽ ጥቃቅን የደም ስሮች ይሰፋሉ፣ ፈሳሽም በቀላሉ ያሳልፋሉ። ድዱ ያብጣል፣ ይቀላል፣ ትንሽ ሲነካ ይደማል። ብዙ ጊዜ በሁለተኛው ወር ይጀምርና በስምንተኛው ይብሳል።

ሆርሞኑ ብቻውን ግን ድድ አያሳምምም። ዋናው ጥፋተኛ ጥርስና ድድ የሚገናኙበት ቦታ ላይ የሚያድረው ቆሻሻ ነው። ድሮ ብዙም ያላስቸገረሽ ቆሻሻ አሁን ድድሽን ያስቆጣዋል። ብሩሹን ስትተዪ ቆሻሻው ይከማቻል፣ ደሙም ይብሳል። ለስላሳ ብሩሽ ግዢ፤ ፍሎራይድ ባለው የጥርስ ሳሙና በቀን 2 ጊዜ ቦርሺ። ቆሻሻው ከደነደነ ደግሞ ጥርስ ክሊኒክ ሄደሽ ጥርስሽን መታጠብ ነው።

ከአንድ የጤና ተማሪ፦ ባክቴሪያዎቹስ ይለወጣሉ?

ጥሩ ጥያቄ። ፕሪቮቴላ ኢንተርሚዲያ የምትባል ኦክስጅን የማትወድ ባክቴሪያ አለች። ለማደግ ቫይታሚን ኬን የመሰለ ነገር ትፈልጋለች። በፈረንጆቹ 1980ዎቹ መጀመሪያ የተሠሩ የቤተ ሙከራ ጥናቶች በዚያ ምትክ ፕሮጄስትሮንንና ኢስትራዲዮልን (አንዱን የኢስትሮጅን ዓይነት) መጠቀም እንደምትችል አሳይተዋል። ሆርሞኑ ቀለቧ ሆነ ማለት ነው። በኋላ የመጡ ጥናቶች ግን ሁሉም ተመሳሳይ ጭማሪ አላገኙም። ሰውነትም በዚህ ጊዜ ለባክቴሪያ የሚሰጠው ምላሽ ስለሚለወጥ ነገሩን ሁሉ በእሷ ላይ መደፍደፍ አይቻልም።

ከአንኮበር፦ ሦስት ልጅ ወልጄ ሦስት ጥርስ አጣሁ። ልጅ ጥርስ ይወስዳል የሚሉት እውነት ነው?

አይወስድም፣ እናቴ። ፅንሱ ካልሲየም የሚያገኘው እርስዎ ከሚበሉት ነው፤ ካነሰው ከአጥንትዎ ይወስዳል እንጂ ከጥርስዎ አይደለም። ጥርስ የሚጎዳው በሌላ መንገድ ነው፦ ቶሎ ቶሎ መብላት፣ ስኳር የበዛበት ሻይና በሶ፣ ትውከት፣ የታመመ ድድ፣ "ከወለድኩ በኋላ እታከመዋለሁ" ማለት። ከወለዱ በኋላ ደግሞ ማን ጊዜ አለው?

ከመሐል ሜዳ፦ ጠዋት ጠዋት ያስመልሰኛል። ወዲያው ልቦርሽ?

አይ። የሆድ አሲድ የጥርስሽን ገጽ ያለሰልሰዋል፤ ወዲያው ስትፈትጊው ይላጣል። አንድ የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳ በአንድ ብርጭቆ ውሃ በጥብጠሽ ተጉመጥመጪና ትፊው። (ቤኪንግ ፓውደር ሌላ ነገር ነው፣ አታምታቺው።) ሶዳው ከሌለ ውሃ ብቻም ይበቃል። አንድ ሰዓት ያህል ቆይተሽ ቦርሺ።

መፋቂያስ?

ጫፉን በደንብ አለስልሰሽ እያንዳንዱን ጥርስ እስከ ድዱ ድረስ ከፋቅሽ ይሠራል። የኋላ ጥርሶችን ግን ሰው ይረሳቸዋል።

ከሸዋ ሮቢት፦ ነፍሰ ጡር ጥርስ መነቀል፣ በማደንዘዣ መወጋት ትችላለች?

ትችላለች። ሊዶኬይን የተለመደና ለነፍሰ ጡር የሚሰጥ ማደንዘዣ ነው። መካከለኛዎቹ ወራት ይመቻሉ፤ የሚያመረቅዝ ወይም ፊት የሚያሳብጥ ጥርስ ግን ወር አይቆጠርለትም፣ ያኔውኑ ሂጂ። ስትገቢ መጀመሪያ እርጉዝ መሆንሽን ተናገሪ። በመጨረሻዎቹ ወራት ወንበሩ ላይ በጀርባሽ ቀጥ ብለሽ አትተኚ፤ ወደ ግራ ጎንሽ ዘንበል በይ። ከፋርማሲ ዝም ብለሽ ቴትራሳይክሊን ወይም ዶክሲሳይክሊን የሚባሉትን አንቲባዮቲኮች አትግዢ፤ የሕፃኑን ጥርስ ያበላሻል። የሕመም ማስታገሻው አይቡፕሮፌንም ከ20ኛው ሳምንት በኋላ ያለ ሐኪም ትእዛዝ አይወሰድም። ለሕመሙ ፓራሲታሞል ይሻላል።

የድድ በሽታ ያለ ጊዜው ያስወልዳል ሲሉ ሰማሁ፣ ፈራሁ።

አትፍሪ። የድድ በሽታ ባለባቸው እናቶች ላይ ያለ ጊዜ መውለድ በዝቶ የታየባቸው ጥናቶች አሉ። በእርግዝና ወቅት ድድን በማከም ግን ያን መቀነስ እንደሚቻል ትልልቅ ሙከራዎች አላረጋገጡም። ለድድሽ ስትይ ታከሚው፤ ያ በቂ ምክንያት ነው።

ከአንድ ባል፦ የባለቤቴ ድድ ላይ ቀይ እብጠት ወጣ። ካንሰር ይሆን?

ወንድሜ፣ በእርግዝና ጊዜ የሚወጣ፣ ሲነካ የሚደማ ቀይ እብጠት አለ፤ ካንሰር አይደለም፣ አብዛኛውን ጊዜም ከወሊድ በኋላ ይሟሽሻል። ያም ሆኖ መጀመሪያ ሐኪም ይየው። መብላት ካስቸገራት ከመውለዷ በፊትም ሐኪም ቆርጦ ሊያወጣው ይችላል። ቤት ውስጥ ግን በመርፌም በምላጭም እንዳትነኩት።